የበርሜል ምድጃ ማስታወሻ

መጋቢት 9 ቀን 2012

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሰርቪስ ቻርጅ ሒሳብ ነበር። በየወሩ ስንት እንደደረሰኝ፣ ካለፈው ወር ስንት እንዳነሰ የምጽፍበት። ዛሬ ከኋላ በኩል ገልብጬዋለሁ።

አርብ መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኛ ጋ ግን ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የሆቴል አዳራሽ አስተናጋጅ ነኝ። ስብሰባ ካለ ሥራ አለ፣ ከሌለ የለም። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ሰሌዳው ላይ የተጻፉት ስብሰባዎች አንድ በአንድ በቀይ እስክሪብቶ ሲሰረዙ እያየን ነበር። ዛሬ 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ወንበር ላይ ጨርቅ ሳለብስ ዋልኩ። ለእንግዳ አይደለም፤ አቧራ እንዳይጠጣ ነው።

መጋቢት 14

ሰበሰቡን። ተራርቃችሁ ቁሙ ተባልን። "ማንም አይባረርም" ሲሉ አጨበጨብን። ቀጠሉና፣ መጀመሪያ የዓመት ፈቃዳችሁን ትጨርሳላችሁ፣ ከዚያ በመነሻ ደመወዝ ቤታችሁ ትቆያላችሁ አሉ። ያኔ ያጨበጨበ የለም።

የሆቴል ሠራተኛ በደመወዝ አይኖርም። ሒሳቡ ላይ የምትጨመረው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ወር ሲሞላ ትከፋፈላለች፤ ጉርሻም አለ። የእኔ መነሻ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከከፈለ በኋላ ለዘይት አይተርፍም። እና አልተባረርኩም። ወረቀት ላይ ሠራተኛ ነኝ፤ የጡረታ መዋጮም ይቆረጥብኛል። ግን ከዚህ ወር ጀምሮ የምንበላው የለም። ጎረቤት "ከሥራ ወጣህ እንዴ?" ሲለኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም።

ባለቤቴ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ናት። እነሱም ዘግተዋል።

የሠራተኞቹ እቁብም ዛሬ ተበተነ። ተራዬ ሚያዝያ ላይ ነበር። የከፈልኩትን መለሱልኝ። ያለኝ ብር ይኸው ነው።

መጋቢት 20

ስድስት ቀን ቤት ተቀመጥኩ። ሰባተኛው ቀን ላይ ባለቤቴ "ወይ አንተ ውጣ ወይ እኔ" አለች።

ሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለው። ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ከሄድክ ባዶ መደርደሪያ ነው። የሆቴላችን ኬክ ክፍል ሼፍም እንደ እኔ ቤቱ ነው። ደወልኩለት። "ምድጃ ካገኘህ ሊጡን እኔ በስልክ አቦካልሃለሁ" አለኝና ሳቀ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ አሰብኩ። ዋጋውን ትቼ፣ የግቢያችን ቆጣሪ አንድ ነው፤ ተከራዩ አራት አባወራ። በእንጀራ ምጣድ ብቻ በየወሩ ጭቅጭቅ አለ። መብራቱም እንደፈለገው ይጠፋል። ስለዚህ እንጨት። ስለዚህ በርሜል።

መጋቢት 25

ምናለሽ ተራ። መርካቶ ቀዝቅዛለች ቢባልም እዚህ መዶሻው አላቆመም። በርሜሉ በየዓይነቱ ተደርድሯል። የመጀመሪያው ሻጭ ርካሹን አሳየኝ። ጎኑ ላይ የነበረው ምልክት ተፍቋል። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው ዓይኔ አነባ። ምን ነበረበት ስለው "ሳሙና" አለኝ። ጥዬው ሄድኩ። ምግብ የሚጋገርበት ዕቃ ላይ ሃምሳ ብር ለማትረፍ ብዬ ሰው አልመርዝም።

ሦስተኛው ሻጭ ጋ የምግብ ዘይት የነበረበት አገኘሁ። ባለ 200 ሊትር፤ አፉ 57 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 88። ውስጡ ይጣበቃል፣ ግን የሚሸተው ዘይት ነው። ከ600 ጀምሮ 450 ላይ ጨረስን። የአይሱዙ ሹፌር ለምኜ ከጭነቱ ላይ አሳሰርኩት።

መጋቢት 27

ቀለሙን ማቃጠል። ውጪውም ውስጡም ንጹህ ብረት እስኪሆን ድረስ እሳት ውስጥ መዋል አለበት፤ አለበለዚያ መጀመሪያ የሚጋገረው ቀለም ነው። ወንዝ ዳር ወስጄ በፍልጥና በሰጋቱራ ግማሽ ቀን አነደድኩት። ጥቁር ጭስ ሰፈሩን ሞላው። ሁለት ሴትዮዎች መጥተው ሰደቡኝ፤ እውነት አላቸው። ሲበርድ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። የቀኝ ትከሻዬ እስከ አሁን አልተመለሰም።

መጋቢት 30

በያጁ ጋ። ጋሼ ከእኔ በ20 ዓመት ይበልጣሉ። በርና መስኮት ያዘዛቸው ሰው ሁሉ ግንባታ ስላቆመ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። "ዳቦ በነጻ ካበላኸኝ ግማሹን ብቻ አስከፍልሃለሁ" ብለው ቀለዱ።

የሠሩልኝ ይህ ነው። የበርሜሉን አፍ ቆርጠው በማጠፊያ በር አደረጉት። ውስጡ ሁለት መደርደሪያ የሚሸከም የፌሮ ሐዲድ በየዱት። ከተረፈ ላሜራ ሁለት ትሪ፣ እያንዳንዱ 42 በ80። ለጭስ ማውጫ አሮጌ ቱቦ።

እየበየዱ ሳለ ሬዲዮው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁን ተናገረ። አምስት ወር። (በኋላ የጨመርኩት፦ ዝርዝሩ ሲመጣ አሠሪ ሠራተኛ ማሰናበት አይችልም የሚል አለበት።) ጥሩ ነው። ለእኔ የሚለውጠው ግን ትንሽ ነው። አዋጅ ሰርቪስ ቻርጅ አያመጣም።

ሚያዝያ 2

ጭቃ። ይህን ሥራ ከእኔ የነጠቁኝ አከራያችን እማማ ናቸው። ደረቅ ጭቃ በብሎኬት ላይ ስለጥፍ ቆመው አዩኝና "ተው ልጄ፣ ተው" አሉ። ጫማቸውን አወለቁ። ጭድ አስመጡ። ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ረግጠው፣ ውሃ አጠጥተው፣ በላስቲክ ሸፍነው ሦስት ቀን አስቀመጡት። ሲከፈት ሸተተ፤ የሚፈለገውም እሱ ነው አሉ። ልጅ እያሉ ወሎ ውስጥ ቤት ሲመረግ ያዩት ነው። ዕድሜያቸው 70 አልፏል፤ ቤት ይቀመጡ ተብሎ በየቀኑ በቴሌቪዥን ይነገራል። ግቢያችን ውስጥ ማን ያስቀምጣቸው።

ሚያዝያ 6

የመጀመሪያው እሳት። በርሜሉ በጎኑ ብሎኬት ላይ ተኝቷል፣ ከሥሩ እሳት፣ ከላይ ጭቃው ገላው ላይ ተለጥፎ። 16 ድብልብል አስገባሁ።

ከሥር ከሰል። ከላይ ነጭ። ውስጡ ጥሬ። ጋሼ መጥተው አንዱን ገልብጠው አንኳኩበትና "ይህ ለበር ማቆሚያ ይሆናል" አሉ።

ሼፉን ደወልኩለት። ሳይስቅ ጠየቀኝ፦ "ሙቀቱ ወደ ላይ በየት ይሄዳል?" መልስ አልነበረኝም። ጭቃውን ብረቱ ላይ ስለጠፍነው እሳቱ ሥሩን ብቻ ይልሳል። በርሜሉን መዞር አለበት።

ሚያዝያ 8

አፈረስነው። እማማ አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው ይበቃል።

አሁን በበርሜሉና በጭቃው መካከል አራት ጣት ክፍተት አለ። እሳቱ ከሥር ይነሳል፣ በሁለቱም ጎን ይወጣል፣ አናቱን አልፎ ነው ቱቦው ጋ የሚደርሰው። ጭቃው ከበርሜሉ ርቆ እንዲቆም የቆርቆሮ ቁራጭ ከፌሮ ጋር አጥፈን እንደ ጎጆ ጣሪያ አደረግንለት። በርሜሉ ውስጥ ከታችኛው ትሪ ሥር ደግሞ የተነፋ አሸዋ አፈሰስኩ፣ ሦስት ጣት ያህል። አሸዋው ሙቀቱን ይይዘዋል እንጂ ዳቦውን አያሳርርም።

ሚያዝያ 10

የፋሲካ ዋዜማ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልተቻለ ቅዳሴው በቴሌቪዥን ነው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል።

ለግቢው ሦስት ድፎ አስገባሁ። ሊጡን ያቦኩት እማማ ናቸው፤ ኮባውን ያነጠፈችው ባለቤቴ። የእኔ ድርሻ እሳት። ሙቀት መለኪያ የለኝም። ዱቄት ትሪው ላይ በተን አደርጋለሁ፤ እስከ 20 ስቆጥር ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፤ እስከ 10 ከጠቆረ በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።

ወጣ። ኮባው ጠርዙ ላይ ተጠብሶ፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶ። ቢላዋ ሲገባ ቅርፊቱ ተንኮሻኮሸ። ማታ 6 ሰዓት ላይ አራቱም አባወራ በየበሩ ላይ ሆኖ በላ። አንድ ላይ መቀመጥ ፈርተን ነው።

ሚያዝያ 19

ትምህርት ላይ ነኝ። የሼፉ ልክ፦ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 600 ግራም ውሃ፣ 30 ግራም ስኳር፣ 15 ጨው፣ ደረቅ እርሾ 10። ይህ 16 ዳቦ ይወጣዋል፣ ሊጡ 100 ግራም ሲሆን። እርሾውን ወደ 7 አወረድኩት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ እሱ የሰለጠነበት መጽሐፍ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ቶሎ የነፋ ሊጥ ምድጃ ውስጥ ይተኛል። ጠፍጣፋ ዳቦ ማን ይገዛል።

ሁለት ትሪ፣ በእያንዳንዱ 24፣ በአንድ ጊዜ 48።

ግንቦት 6

እንግዲህ ዳቦ ጋጋሪ ሆኛለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ይወጣል። የምሸጠው በ3 ብር ነው። 48 ዳቦ 144 ብር። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ እርሾው፣ ፍልጡ ሲቀነስ 26 ብር እጄ ላይ ይቀራል። በቀን አራት ዙር፣ 104 ብር። በደህናው ጊዜ አንድ ጥሩ ጠረጴዛ የሚሰጠኝ ጉርሻ ነበር። ግን በየቀኑ ይገባል፤ ሰርቪስ ቻርጅ በየቀኑ አይገባም ነበር።

ደንበኞቼን ሳይ የሰፈሩን ሁኔታ አነባለሁ። የታክሲ ረዳቱ ድሮ አምስት ይገዛ ነበር፤ ሚኒባሱ ግማሽ ሰው ብቻ ጫን ከተባለ ወዲህ ሁለት ይገዛል። ታሪፉ እጥፍ ቢሆንም ተሳፋሪው ጠፍቷል። የጉሊቷ ሴትዮ በዱቤ ትወስድና ማታ በሽንኩርት ትከፍለኛለች። የአስጎብኚ ድርጅት መኪና የሚነዳው ጎረቤቴ ላንድክሩዘሯን ግቢ አቁሟት በየቀኑ ያጥባታል። ከኋላ ወንበሯ ላይ ድንች ጭኖ ቢሸጥ ብዬው ተቀየመኝ። ከሳምንት በኋላ ጭኖ አየሁት። ምንም አላልኩም፤ ሁለት ኪሎ ገዛሁ።

የዱቤ ዝርዝሩ እዚሁ ደብተር ውስጥ አለ። ስም አልጽፍም፤ "ሰማያዊ በር"፣ "ረዳቱ"፣ "የመንትዮቹ እናት"። ደብተሩ ቢጠፋ ማንም እንዳያፍር።

ሰኔ 2

የባለቤቴ እህት ቤይሩት ናት። በየሁለት ወሩ የምትልከው ብር ነበር፤ የእናታቸው መድኃኒት በእሱ ነው የሚገዛው። አሁን አሠሪዋ ደመወዟን በሊራ እከፍልሻለሁ ብሏታል፤ ሊራው ደግሞ በየሳምንቱ ይወርዳል። ብዙዎቹን አሠሪዎቻቸው አምጥተው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል፤ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው በቪዲዮ አየናቸው። ባለቤቴ ቪዲዮውን እያቆመች ፊት በፊት ፈለገች። የለችበትም። ማታ ደወለች፤ ደህና ነኝ አለች። "ዳቦ ትጋግራላችሁ አሉ" ብላ ሳቀች።

የመድኃኒቱ ወጪ ወደ ምድጃው መጥቷል። ሁለት ዙር ጨምሬአለሁ።

ሰኔ 19

ትናንት ሸገር ዳቦ ፋብሪካ ተመረቀ። በሰዓት 80,000 ዳቦ ይጋግራል። እኔ በሰዓት 48፣ ያውም እንጨቱ ደረቅ ከሆነ።

በርካሽ ነው የሚሸጠው። ልከፋበት አልችልም። የመንትዮቹ እናት በርካሽ ዳቦ ብታገኝ ደስ ይለኛል፤ የእኔ 3 ብር ለእሷ ከባድ ነበር። ግን ቁጭ ብዬ ሒሳብ ስሠራ እጄ ቀዘቀዘ። ሼፉ "አንተ ከፋብሪካ ጋር በክብ ዳቦ አትወዳደር" አለኝ። ታዲያ በምን? "ፋብሪካው ኮባ አያነጥፍም።"

ሰኔ 28

ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኞ ማታ ተገደለ። ከማክሰኞ ጀምሮ ኢንተርኔት የለም፣ መንገድ ጭር ብሏል፣ በየቦታው ሰው ሞቷል። ምድጃውን ሁለት ቀን አላነደድኩም፤ ጭስ ማየት ማንንም ያስደነግጣል። ሦስተኛው ቀን እማማ ራሳቸው ቀሰቀሱኝ። ሱቆች ስለዘጉ ሰው የሚበላው አጥቷል። ያለኝን ዱቄት ሁሉ ጋገርኩ። ዋጋ አልጨመርኩም። አስቤ ነበር፤ አልዋሽም።

የድፎ ትዕዛዝ በቴሌግራም መቀበል ጀምሬ ነበር። ሰባት ትዕዛዝ ነበረኝ። አሁን የማን እንደሆኑ እንኳ ማየት አልችልም።

ሐምሌ 12

ክረምቱ ምድጃውን ጠላው። ጭቃው ከቱቦው ሥር ተሰነጠቀ፤ ጣት ያስገባል። ጭስ በዚያ ስለሚወጣ አናቱ አይሞቅም፤ ዳቦው እንደገና ከላይ ነጭ ሆነ። እማማ በአመድና በጭቃ ደፈኑት። ሁለት ቆርቆሮ ከላይ አቆምኩለት። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ማታ ማታ ምድጃው ሲበርድ ለነገ የሚሆነውን ፍልጥ ውስጡ አሳድረዋለሁ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ስንት ሌሊት ዓይኔ ባልነደደ።

ክብ ዳቦ በቀን አንድ ዙር ብቻ ቀርቷል። ድፎ በሳምንት አምስት ስድስት። ክርስትና፣ ተዝካር፣ የልደት ቀን። ድግስ ባይኖርም ዳቦ ይታዘዛል፤ ሰው ሳይጠራ በየቤቱ ይልከዋል። ከአንድ ድፎ 90 ብር ይቀረኛል። ከፋብሪካው በፊት ከማገኘው ያንሳል፣ ከፈራሁት ይበልጣል።

የስልክ ኢንተርኔት ገና አልመጣም።

ነሐሴ 8

ሙልሙል! እኔ አላሰብኩትም። የአሽከርካሪው ልጅ መጥቶ "ጋሼ፣ ለቡሄ ሙልሙል ትጋግራለህ?" አለኝ። ጅራፉን እየገመደ ነበር። ዘንድሮ በየቤቱ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ማለት ይቻል እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሰው ግን ልጆች ቢመጡስ ብሎ ይፈራል፤ ለመጣ ልጅ ሙልሙል አለመስጠት ነውር ነው። ፍልሰታ ጾም ስለሆነ ወተት ቅቤ የለበትም፤ ለእኔ ወጪ ይቀንሳል።

እስከ ዛሬ ማታ 120 ታዟል።

ነሐሴ 13

አልተኛሁም። የመጨረሻው ቁጥር 210። ድብልብሉ 150 ግራም፣ በአንድ ዙር 30፣ ሰባት ዙር። 19 ኪሎ ዱቄት በሁለት ቡሃቃ። ሼፉ ከነጭምብሉ መጥቶ አብሮኝ አቦካ፤ ከመጋቢት ወዲህ በአካል ያየሁት ዛሬ ነው። ከስቷል። ኬክ ይሸጥ እንደሆነ ስጠይቀው "በዚህ ጊዜ ማን ኬክ ይበላል" አለ። ከሥራው ግማሹን ሰጠሁት፤ ሊቀበል አልፈለገም፤ ሊጥ በተቀባ እጄ ኪሱ ውስጥ ከተትኩት።

ሌሊት 8 ሰዓት ጀምረን ጠዋት 2 ሰዓት ጨረስን። አራተኛው ዙር ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ 11 አሳረርኩ። በሩ ሲከፈት የችቦው ሽታና የዳቦው ሽታ ተቀላቅሎ ነበር። ልጆቹ ከጠበቅነው በላይ መጡ፤ ጭምብላቸው አገጫቸው ላይ ወርዶ፣ ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ። እማማ ያረሩትን 11 ቅርፊታቸውን ፍቀው ለራሳቸው አስቀሩ።

ጳጉሜን 2

ሆቴሉ ደወለ። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በፈረቃ፣ በወር 15 ቀን። ሰርቪስ ቻርጅ "ከተገኘ" ይከፈላል። እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ደስ አለኝ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ደስ ብሎኛል። ነጭ ሸሚዜን አወጣሁ። አንገቱ አልዘጋ አለኝ። አምስት ወር ሊጥ ያሸ ሰው አንገቱ ይወፍራል መሰለኝ፣ ወይ ዳቦውን ራሴ በልቼዋለሁ።

መስከረም 6 ቀን 2013

ከትናንት በስቲያ ብር ተቀየረ። 10፣ 50 እና 100 አዲስ ወጥተዋል፣ 200 የሚባልም መጥቷል። የምድጃው ገንዘብ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው። ለባንክ ልቆጥር አወረድኩት። ዘርግፌ ስለይ አብዛኛው አምስት ብርና ሳንቲም ነው፤ የ3 ብር ዳቦ ሌላ ምን ያመጣል። አምስት ብር ደግሞ አልተቀየረም። ባንኩ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰልፌ የቀየርኩት 1,340 ብር ሆነ። ገንዘብ ከፋዩዋ በመስታወቱ በኩል ዱቄቱን ከብሩ ላይ እያራገፈች አየችኝ።

ሰኞ ሥራ እገባለሁ። በእኔ ፈረቃ ቀኖች እሳቱን የምታነደው ባለቤቴ ናት፤ ዱቄት በትና እስከ 20 መቁጠር አያስፈልጋትም፣ እጇን በሩ ላይ ዘርግታ ታውቀዋለች። ዛሬ አሸዋውን ለማጽዳት ስዝቀው የበርሜሉ ሥር በቅርፊት በቅርፊት ተነሳ። ከውስጥ በመዶሻ ሳንኳኳው አንድ ቦታ ላይ ብርሃን ገባ። ጋሼ አዩትና ላሜራ ደርቤ ብበይደው እስከ ገና ያደርሳል አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ በርሜል። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ እሄዳለሁ። ሦስተኛው ሻጭ ጋ፣ ዘይት የነበረበት።